ይቆየኝ በል

ከሰው ሁሉ አብልጬ ለምጨቀጭቀውና ከሰው ሁሉ አብልጬ ለምወደው ወንድም ጋሼ ይድረስ፤

እንደምን አለህ? ጤናህ እንዴት ነው? እንቅልፍ ይወስድሃል? እህል ትቀምሳለህ? ደብዳቤ ላይ እንዲህ ያለው ነገር ለወጉ ያህል ይጠየቅና ይታለፋል፤ እኔ ግን ዛሬ የእያንዳንዱን መልስ ፈልጌ ነው የጠየቅኩህ። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ መዋሸት ምን ይሠራልኛል፣ ደህና አይደለሁም። ፊደሌ ተንጋዶ ብታየው ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ስለምጽፍ ብቻ አይደለም። ፈርቻለሁ።

ደብዳቤ መቼም የሚጻፈው ሩቅ ላለ ሰው ነው። በእኔና በአንተ መካከል ያለው ግን አንድ የእንጨት በር ነው። ኮሪደሩ ላይ፣ አቧራ የጠጣ ጫማህን ወደ ጎን ገፍቼ ተቀምጫለሁ። ወንበርህ ሲንቋቋ ይሰማኛል። ሲንቋቋ እፎይ እላለሁ፣ ጸጥ ሲል ደግሞ ጆሮዬን በሩ ላይ እለጥፋለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ሥራዬ ይኸው ነው።

ጠዋት ሳንኳኳ የመለስክልኝን ታስታውሳለህ? ክፈትልኝ አልኩህ፤ ልክ ነሽ አልክ። እማዬ በሐሳብ አለቀች አልኩህ፤ ልክ ነሽ አልክ። አናጺ አስጠርቼ በሩን ከነመቃኑ አስነቅለዋለሁ ብዬ ስጮህ እሱንም ልክ ነሽ አልክ። ኧረ በፈጣሪ! አንተ እኮ ልክ ነሽ የሚባል ቃል ከአፍህ ወጥቶ አያውቅም። ሐኪም የደምህን ዓይነት ሲነግርህ እንኳ መሣሪያው ይመርመርልኝ ብለህ የተሟገትክ ሰው ነህ። ብትሰድበኝ፣ ጥፊ ከዚህ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ልክ ነሽ ስትለኝ ግን እዚሁ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ ልጅነታችን ትዝ አለኝ። ስንጣላ አንተ መኝታ ቤቱን ከውስጥ ትቀረቅራለህ፣ እኔ ከውጭ እቀመጣለሁ፣ በበሩ ሥር ወረቀት እንላላካለን። አፍህ እንቢ ሲል እጅህ እሺ ይል ነበር። ስለዚህ ወደ ውጭ ወጥቼ ወረቀት፣ ለእኔ እስክሪብቶ፣ ላንተ እርሳስ ገዛሁ። አከራይህ ስወጣም ስገባም ምንም አልጠየቁኝም፤ ፊቴን አይተው መሰለኝ።

እስቲ የሠፈራችንን ወሬ ልንገርህ። ሠፈር ብለህ ስም ያወጣህለት የስልክ ግሩፕ፣ ያ ስለ ሶፍትዌርና ስለ ፊልም ካልተነታረከ የማይነጋለት የእብድ መንጋ፣ አንተ ከወጣህበት ወዲህ ተበጥብጧል። የበጠበጥኩት እኔ ነኝ። አንተ ስልክህን ስትዘጋብን አንድ ዘዴ ዘየድኩ። የተሳሳተ ነገር ተጽፎ ካየህ ዝም ብሎ ማለፍ እንደማይሆንልህ አውቃለሁ፤ ምሳህን ጥለህ ትመጣለህ፣ ሻወር ውስጥም ብትሆን በሳሙና እጅህ ትመልሳለህ። ምናልባት ከሌላ ቦታ ሆነህ በስውር ታነበን ይሆናል አልኩና ሆን ብዬ መሳሳት ጀመርኩ።

መጀመሪያ ከጥቁር ስክሪን ይልቅ ነጭ ስክሪን ለዓይን ይስማማል ብዬ ጻፍኩ። ንግሥተ ጨለማ፣ ያቺ የእጅ ሰዓቷን ሳይቀር ያጠቆረች ሴት፣ ልጇን የበደልኩባት ያህል ተቆጣችኝ። ቀጥዬ የይለፍ ቃል አጭር ሲሆን ነው የሚያምረው አልኩ። አንቲቫይረስ፣ ያ ሁሉ ነገር ቫይረስ የሚመስለው ፈሪ፣ ስልኬ በሌባ እጅ ገብቷልና ማንም እንዳይመልስልኝ ብሎ ለሁሉም አስጠነቀቀ። እኔ መሆኔን ብምልለትም አላመነኝም። ዶክተር ሪስታርት እንደ ልማዱ አጥፍቼ እንዳበራው መከረኝ። እኔ ግን የማንንም ቁጣ አልነበረም የምጠብቀው። ያንተን አንዲት ቃል ነበር፤ ተሳስተሻል የምትለውን። ቢሮ ተቀምጬ የደንበኛ ስልክ እያነሳሁ፣ አዝኖ የሚያወራኝን ሰው እሺ እሺ እያልኩ፣ ዓይኔ ያቺን ቃል ትጠብቅ ነበር። አልመጣችም።

ወንድም ጋሼ፣ ምን እንደተፈጠረ አውቃለሁ፤ የማላውቅ መስዬ አልጽፍልህም። የፎቶ ማደራጃህን፣ ስንት ዓመት ለፍተህ ሠርተህ ሰው ሁሉ በነጻ ይጠቀም ያልከውን ፕሮግራም፣ አፕዴት አድርጉ አልክ፤ አደረጉ፤ የብዙ ሰው ፎቶ ጠፋ። ግሩፑ ላይ ካንተ ጋር ሲጣላ የሚውለው የልብስ ሰፊው የእናቱ ፎቶም አብሮ ሄደ። እናቱ ከሞቱ ወዲህ የቀረው እሱ ብቻ ነበር። ሠፈሩ ሁሉ ወረደብህ። እነዚያ ስለ አንድ ፊልም ማለቂያ በትንሽ ነገር የሚናከሱ ሰዎች ያን ቀን ብቻ ተስማሙ። አንተ ለእያንዳንዳቸው ልክ ነህ፣ ልክ ነሽ ብለህ መለስክ። አንድም ሰው፣ እኔም ጭምር፣ ይህ ሰው እኮ እንዲህ አይልም ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ከዚያ ለእኔ የመጨረሻውን ጻፍክልኝ። ያ የመርከቧ ድራማ ምን ያህል እንዳጨቃጨቀን! ሰማይ ላይ መንገድ የጠፋባት መርከብ፤ መሪዋ ማሽን ነው፤ ተሳፋሪዎቹን ቤታችሁ አለ፣ ይጠብቃችኋል እያለ ይወስዳቸዋል፤ ሲደርሱ ቤቱ የለም። እኔ ማሽኑ እያወቀ የዋሸው ስለሚወዳቸው ነው እላለሁ። አንተ ደግሞ የለም፣ የመልእክት መቀበያው ገና ከመነሻው ተበላሽቶበታል፣ ቤቱ መጥፋቱን አያውቅም፣ ያላወቀ ደግሞ አይወቀስም ትላለህ። በዚህ ነገር እማዬ ፊት ሳህን ይዘን ቆመን ተሟግተናል። ጎረቤት የርስት ክርክር መስሎት ሊገላግለን መጥቷል። እማዬም ሰውየውን፣ ኧረ ተዋቸው፣ የሌለ ማሽን ሞቶባቸው ነው አለችው።

ያን ቀን ግን እንዲህ ብለህ ጻፍክልኝ። ልክ ነሽ፣ ጥፋተኛው ማሽኑ ነው፤ ገና ድሮ አጥፍተውት ቢሆን ለሁሉም ይሻል ነበር፤ እጅ ሰጥቻለሁ። እኔ ጅሏ በደስታ ዘለልኩ። አሸነፍኩት ብዬ ለሥራ ባልደረቦቼ ሳይቀር አሳየሁ። ምን እንዳልከኝ የገባኝ አከራይህ ትናንት ደውለው ኪቦርድህን ለልጃቸው እንደሰጠሃት ሲነግሩኝ ነው። ያንን ኪቦርድ! ማንም እንዳይነካው ጨርቅ የምታለብሰውን! ምስኪን፣ እንዴት ያለ ደግ ልጅ ነው እያሉ ያመሰግኑሃል፤ እኔ ስልኩን እንደያዝኩ ግድግዳ ተደገፍኩ። በር ላይ ያስቀመጡልህን ዳቦም አላነሳህም አሉኝ። ቦርሳዬን እንኳ ሳልይዝ ነው ወደዚህ የመጣሁት። ዳቦው አሁንም አጠገቤ አለ፣ ደርቋል።

ላንተ አልዋሽህም። ስለምወድህ ብዬም አልዋሽህም። የልብስ ሰፊው ፎቶ አልተመለሰም። ዶክተር ሪስታርትና ንግሥተ ጨለማ የአንዳንዱን ሰው መልሰዋል፣ የእሱን ግን አልቻሉም። አሁንም ተናዷል። ትናንት ማታ እየመጣሁ ደውዬለት ያንተን ነገር ስነግረው፣ እኔ ተናደድኩ እንጂ ሰውየው ይጥፋ መች አልኩ አለ። እሱ ከሌለ እኔ ከማን ጋር ነው የምጣላው ብሎ ጮኸብኝ። እያለቀሰ ነበር። ይህንኑ ራሱ እንዲነግርህ ጠየቅኩት፤ በአካል ሳገኘው ነው የምሰድበው አለ። ቀጠሮ አለብህ ማለት ነው።

እማዬ ደግሞ ፎቶዎቿ አንድም አልጠፉም። ለምን መሰለህ? ስልኳ አፕዴት አድርጊ ባላት ቁጥር ቆይ ትለዋለች። ልጄ ራሱ መጥቶ ያድርግልኝ እንጂ ይሄ የማላውቀው ነገር እንዴት ያዘኛል ትላለች። አሁንም እየጠበቀችህ ነው። ምን እንደሆንክ አልነገርኳትም፤ ሥራ በዝቶበት ነው አልኳት። ይህንን ውሸት ለብዙ ጊዜ መሸከም አልችልም፤ መጥተህ ተረከበኝ።

አሁን ወደ ክርክራችን። እጅ ሰጥቻለሁ ማለትህን አልቀበልም። ያላወቀ አይወቀስም እያልክ ስንት ዓመት አደረቅከኝ፣ ዛሬ ራስህ ላይ ሲደርስ ፍርዱን ልትቀይር? ማሽኑ ካላወቀ አንተም አላወቅክም። አንተ ጥፋተኛ ከሆንክ ደግሞ ማሽኑም ጥፋተኛ ነው፣ ስትሞግተኝ የኖርከውም ሁሉ ባዶ ወሬ ነው። አንዱን ምረጥ። ሁለቱን ባንድ ላይ መያዝ አይቻልም፤ እኔ ብይዛቸው ኖሮ ከሠፈሩ ጋር ሆነህ ትስቅብኝ ነበር። እኔ መርጫለሁ፤ ማሽኑ አላወቀም። አንተ ልክ ነበርክ፣ እኔ ነኝ እጅ የሰጠሁት። በሠፈራችን ወግ ደግሞ ለአንድ ክርክር ሁለት ሰው እጅ አይሰጥም፤ ስለዚህ የእኔ ይጽና፣ ያንተ ይሰረዝ።

ስለ ማሽኑ አንድ ነገር ደግሞ አሁን ነው የታየኝ። ያን ሁሉ መንገድ ተሳፋሪዎቹ ስንት ቀረን እያሉ ይጠይቁታል፤ አንተስ እንደምን አለህ ያለው አንድ ሰው የለም። እኛም አንተን ፕሮግራሙ መቼ ይስተካከላል ብለን ብቻ ነበር የምንጠይቅህ። ለዚህ ነው ደብዳቤዬን ከጤናህ የጀመርኩት።

መከራከር ካቃተህ ራስህ ያወጣኸው ደንብ አለ። ንግሥተ ጨለማ ልጇ ታሞባት ከጭቅጭቃችን መሀል ስትወጣ፣ አሸነፍናት ብለው የጨፈሩትን ገሥጸህ ያወጣኸው ነው። የደከመው ሰው ይቆየኝ ብሎ ይጽፋል፤ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ማንም አሸነፍኩ አይልም፣ ማንም ቦታውን አይወስድም። ስንቶቻችን በእሷ ቃል አርፈን ተመልሰናል። አንተ ብቻ ተጠቅመህባት አታውቅም። ሠፈሩ ውስጥ እኔ ባንተ ስም ይቆየው ብዬ ጽፌያለሁ። ለሌላ ሰው መጻፍ አይፈቀድም ብሎ የተቃወመ አንድም ሰው አልተገኘም፤ አንቲቫይረስ እንኳ ዝም አለ። ግን ካንተ እጅ መውጣት አለበት።

ምክንያት አልጠይቅህም። ነገ ምን እናደርጋለን አልልህም። ደህና ነኝ እንድትለኝም አልፈልግም። ይቺን አንዲት ቃል ብቻ እዚሁ ወረቀት ጀርባ ላይ ጽፈህ መልስልኝ። ከዚያ በሩን ባትከፍተውም እቀመጣለሁ፤ ስትከፍተው ደግሞ ወደ ሐኪሙ አብረን እንሄዳለን፣ እሱንም ስለ ደምህ ዓይነት ትሟገተዋለህ።

ፈጣሪ ከዚህች ክፍል ያውጣህ። ልብህን ያሳርፍልህ፣ ክርክርህን ይመልስልህ፣ እማዬን ደጅ ቆማ ከመጠበቅ ያድንልኝ።

ከበርህ ወዲህ የተቀመጠችው፣
ታናሽ እህትህ

እርሳሱን ቀድሜ ልልክልህ ብል ከበሩ ሥር አላልፍ አለ፤ እዚህ ጋ ወለሉ ከፍ ይላል። ግማሹ አንተ ጋ፣ ግማሹ እኔ ጋ ሆኖ ቀርቷል። ይህንን በእስክሪብቶ እየጻፍኩ በግራ እጄ ጫፉን ይዤዋለሁ። ወንበርህ እንደገና ጸጥ አለ። ወንድም ጋሼ፣ ጎንበስ በልና ሳበው፤ ስትስበው እለቅልሃለሁ።