ደሳለ በአንድ ዓይን

ላሊበላ፣ ሐሙስ

ምሥራቅ፣

እማሆይ ጽጌማርያም ትናንት የልጃቸውን ሥዕል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞሩት። ልጃቸው አምና የሞተው የሮክ ጊታር ተጫዋች ደሳለ ነው። ሰባት ሠዓሊዎች እሱን ለማሰብ በተወለደበት በዚህ ከተማ የጋራ ዐውደ ርእይ አዘጋጅተዋል፤ እሑድ ይከፈታል።

የዞረው ሥዕል ከእኔ ጋር ከአዲስ አበባ የመጣችው የኤልሳቤጥ ነው። ደሳለን ጊታሩ ላይ እንዳጎነበሰ ከጎን ስለሣለችው የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። እኛ ጋ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም። እዚህ ግን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በአንድ ዓይን የሚሣሉት ይሁዳና አጋንንት መሆናቸውን ተማሪውም ገበሬውም ያውቃል።

«ልጄ በዘፋኝነቱ የታማው አይበቃም? አንቺ ደግሞ ከይሁዳ ጋር ልትደምሪው?» አሉ እማሆይ።

«ጊታሩን እያየ ስለሆነ እኮ ነው፣ እማሆይ» አለች ኤልሳቤጥ።

«በአንዱ ጊታሩን ይየው፤ በሌላው እኔን ይየኝ።»

የአገሩ ሠዓሊ ጋሻዬ ሳቁን መያዝ አቃተው። «ጨምሪላቸው እንጂ! ቀለሙን እኔ አቀብልሻለሁ» አላት። እሷ አልሳቀችም። ዓይን ከተጨመረበት ሥዕሉ የእኔ አይደለም ባይ ናት። እማሆይ ደግሞ ካልተጨመረ ለዐውደ ርእዩ የሰጡትን የልጃቸውን ጊታር ወደ ቤታቸው ሊመልሱት ነው።

ፖስት ካርዱ ሞላ። የእናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ልጆቹንም እንደናፈቁኝ ንገሪያቸው። እኔ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ። ኤልሳቤጥ ቁርጡን ቅዳሜ ትናገራለች።