ከጣሪያው የወረደው ድንጋይ

ግንቦት 1 ቀን 1998፣ ልደታ

ከምኖርበት ሰፈር ከብሬዴንግ በባቡር ሄጄ ቤተ ክርስቲያኑን ከፈትኩ። ስዊድኖቹ ለእኛ ለሐበሾች ካዋሱን ጀምሮ አንዱ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ዙሪያውን መወጣጫ አቁመዋል። አሮጌው የድንጋይ ጣሪያ ሊታደስ ነው። እስኪያልቅ ቅዳሴያችን ከጎኑ ባለው አዳራሽ ውስጥ ነው። ከበሮውንና ምንጣፉን አወጣሁ።

የባለቤቴ የያለምወርቅ ፍትሐት የተደረሰው እዚሁ ጣሪያ ሥር ነበር። ዓመቷ በሐምሌ ገብርኤል ይሞላል። መቃብሯ ላይ እስካሁን ድንጋይ የለም... የእንጨት መስቀል ብቻ።

ግንቦት 9

ጣሪያ ሠሪው ቢርየር ይባላል፣ ስልሳ ያለፈው ሰው። ጠፍጣፋዎቹን ጥቁር ድንጋዮች አንድ በአንድ ያወርድና በመዶሻው መታ ያደርጋል። ጆሮውን ያዘነብላል። የሚጮኸው ጤነኛ ነው፣ ተመልሶ ይወጣል። ጥፍ የሚለው ውስጡ ተሰንጥቋል፣ ወደ ቆሻሻው።

ጤነኛው ልክ የአገሬ ደብር ደወል። እኛ ዘንድ ሁለት ድንጋይ ጥድ ላይ ተንጠልጥለው ነበር የሚደወሉት። ነገርኩት። ሳቀ። «ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ስደውል አንድ ሰው እንኳ ለጸሎት አልመጣልኝም» አለ።

ግንቦት 16

ጠየቅሁት። ለመቃብሯ የሚሆን አንድ ድንጋይ። «ከቆሻሻው የፈለግኸውን ውሰድ።» የሚጮኸውንስ? ራሱን ነቀነቀ። «እሱ የጣሪያው ነው። ለጣሪያውም አንሶኛል።»

ለያለምወርቅ ከቆሻሻ? ትቼው ሄድኩ።

ሰኔ 12፣ ሚካኤል

ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ሞላልኝ፣ «ጋሽ ጥበቡ፣ ጣሪያ ላይ ሊመንኑ ነው እንዴ?» አሉኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስለ ድንጋዩ ሳጫውታቸው፣ «እግዜር የመቃብር ድንጋይ እያንኳኳ አይመርጥም» አሉ።

ልክ ናቸው። ልቤ ግን እምቢ አለኝ። ትዕቢት ይሆን?

ሰኔ 20

ዝናብ። ቢርየር የለም። የቆሻሻውን ክምር ሳየው ቆየሁ። ምን ፈልጌ?

ሐምሌ 2

ዛሬ ጥፍ የሚሉት በዙ። መስማት አቃተኝ፣ ትቼ ወጣሁ። ባቡር ውስጥ ነው የገባኝ። ሕመሙ ድምፅዋን ከወሰደው በኋላ ያለምወርቅ የምትጠራኝ የአልጋውን ጠርዝ በጣቷ እየመታች ነበር። ጥፍ፣ ጥፍ። እኔ ከወጥ ቤት፣ «መጣሁ» እላለሁ።

አሁንም እላለሁ። ማንም ሳይጠራኝ... ባዶ ቤት ውስጥ።

ሐምሌ 12

ልጄን ናርዶስን ይዣት ሄድኩ። በአማርኛ ስነግራት በስዊድንኛ ነው የምትመልስልኝ። ክምሩን አሳየኋት። ጤነኛው እንደሚጮህ፣ የተሰነጠቀው እንደሚጣል ነገርኳት። ሌላውን አልነገርኳትም።

ጎንበስ ብላ አንዱን በጣቷ መታችው። ጥፍ። ደግማ መታችው። ቀና ብላ አየችኝ። ያኔ በአማርኛ፣ «አባዬ፣ መጣሁ አትልም?» አለችኝ።

ለካ እሷም እናቷ ታማ ሳለች ከክፍሏ ሆና ትሰማን ኖሯል። እዚያው ክምሩ ላይ ተቀመጥን። አለቀስን። ቢርየር መዶሻውን አስቀምጦ ዞር አለልን።

ያንኑ ድንጋይ ወሰድነው።

ሐምሌ 19፣ ገብርኤል

ዓመቷ። ጸሎቱ አዳራሹ ውስጥ ተደረሰ። ቢርየር ጠርዙን ከርክሞ መስቀልና የክርስትና ስሟን ቀርጾልኛል፣ ወለተ ማርያም። ፊደሉን እኔ በጠመኔ ጻፍኩለት። መቃብሩ ድረስም አብሮኝ ተሸከመ። «ውሃ ገብቶበት በረዶ ሲመታው ለሁለት ይከፈል ይሆናል፣ ልንገርህ» አለኝ። ይከፈል።

ሰው ሁሉ ሲሄድ ተንበርክኬ በጣቴ መታሁት። መጣሁ ልል ነበር... አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«እረፊ» አልኳት።