ጠረጴዛ ያጣው ሰልታ

ልደታ፣ ታኅሣሥ ወር

ለምወድሽ እናቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽን ተሻለሽ? የጅዳ ሙቀትስ በረድ አለ? እኛ አንቺ ከመጉደልሽ በቀር ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። በስልክ ስናወራ አባባ አጠገቤ ስለሚቀመጥ የልቤን መናገር አልችልም። ለዚህ ነው ጽፌ ወደዚያ ለምትመለሰው ለጎረቤታችን ለሀሚዳ የሰጠኋት።

ለብሔር ብሔረሰቦች ቀን እያንዳንዱ ተማሪ የባህሉን ምግብ ይዞ እንዲመጣ ታዘዝን። ያገርሽን የወሎን ምግብ ልወስድ አሰብኩ፤ ግን ስትሄጂ ገና ልጅ ነበርኩ፣ ወጥ እንኳን አላስተማርሽኝም። አባባ ሲሰማ፣ «ምን ያሳስብሃል? እኔ አለሁ አይደል» አለኝ። ከሰንዓ ከመጣን ስንት ዓመታችን፣ እስካሁን እኔን ሴት ልጁንም «አንተ» ነው የሚለኝ።

የአገሩን የየመንን ወጥ፣ ሰልታ ሠራልኝ። አብሹን አረፋ እስኪያወጣ ሲመታ ያንጎራጉር ነበር። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሲያንጎራጉር ሰምቼው አላውቅም። ታክሲ ውስጥ ይደፋል ብሎ፣ የድንጋዩን ድስት በፎጣ ጠቅልሎ፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ እስከ ትምህርት ቤት በእግሩ ተሸክሞት መጣ።

መምህርት ሩሃማ ክፉ ሰው አይደለችም። ክዳኑን ከፍታ አየችና የየት አካባቢ ምግብ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አባባ፣ «የልጄ ነው» አላት። እሷም ቀስ ብላ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዛሬ የአገር ውስጥ ምግብ ብቻ ነው» ብላ ድስቱን ከጠረጴዛው አንስታ መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው። ማንም አልቀመሰውም። የጓደኛዬ የሶረቲ እናት አባባን ጨጨብሳ ሲያጎርሱት ዋጠና፣ «በጣም ጥሩ ነው» አላቸው።

ስንመለስ ሜክሲኮ ጋ ቆመና፣ «እኔ ባልኖር ማን ነህ ብለው አይጠይቁህም ነበር» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ድስቱን አላወጣውም። የሽሮ ዱቄት ከሱቅ እየገዛ ይሠራል። ያሳርረዋል፣ እኔም እበላዋለሁ። በቀደም አብሽ ገዝቼ ልመታለት ብሞክር፣ «ተወው» ብሎ ሳህኑን ከእጄ ወሰደ። ሰንዓ ካለው ወንድሙ ጋር ሲያወራም፣ «እናቷ እስክትመጣ ነው እዚህ የምቆየው» ሲለው ሰማሁ።

እማ፣ ባለፈው ስትደውዪ ከኋላሽ ሕፃን «ማማ» እያለ ሲያለቅስ ሰማን። አባባ የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቀኝ። የአሠሪዎቿ ነው አልኩት። «እሺ» አለ። ግን ያን ቀን እራት አልበላም። ስለዚህ ከእንግዲህ ስትደውዪ እባክሽ ሌላ ክፍል ገብተሽ ደውዪ።

አላህ ከክፉ ይጠብቅሽ፣ ጤና አይንሳሽ። ሕፃኑንም ያሳድግልሽ።

ትልቋ ልጅሽ