መሬታችንን ለሾፌሩ ስላስረከቡልን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የመሬት ይዞታ ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

እንዴት ሰነበቱ? ዓይንዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም ከጠዋት እስከ ማታ ከወንበር ሳይነሳ የሚውለውን ወገብዎን ፈጣሪ ይጠብቅልን። እኛ በጎሳችን መሬት ላይ የምንኖር ሰዎች፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አፌ ልማዱን አልተው ብሎ ነው፣ እኛ በሾፌሩ መሬት ላይ የምንኖር ሰዎች፣ ደህና ነን ለማለት ያህል ደህና ነን።

ይህን የምጽፍልዎ ጡረታ የወጣሁ የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ለአለቆቼ «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» የሚል ደብዳቤ ስመታ ስለኖርኩ፣ ይህ ማለት ማንም ምንም እያየ አይደለም ማለት መሆኑን ከእርስዎ ባላነሰ አውቃለሁ። በግል የላክሁልዎ ማመልከቻዎች ሁሉ በመታየት ላይ ስለሆኑ፣ ይህኛውን እንኳ አገር ይየው ብዬ በግልጽ ጻፍኩት። እውነቱን ለመናገር አንጀቴ አሮ ነው።

ነገሩ የአክስቴ ነገር ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጓሯቸውን ዛሬም ራሳቸው የሚቆፍሩ አሮጊት ናቸው። ሰሞኑን የእርስዎ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በራቸው ላይ ተለጠፈ፤ ሕገወጥ ሰፋሪ ስለሆኑ ቤታቸውን በራሳቸው ጊዜ አፍርሰው ይነሱ ይላል። ፊደል ስላልቆጠሩ እኔ አነበብኩላቸው። «ሰፋሪዋ ማን ናት?» ብለው ጠየቁኝ። መነጽሬን አውልቄ መጥረግ ጀመርኩ። እዚህ ደረጃ እንድንደርስ ስለዋሉልን ውለታ አንድ በአንድ ላመስግንዎ።

አንደኛ፣ ስለ ምስክሮቻችን። እንደሚያውቁት፣ ማለቴ እንደማያውቁት፣ የጎሳችንን ወሰን በቃል የምንይዘው እኛ አይደለንም። የእኛን ወሰን ከወንዙ ማዶ ያለው አዋሳኝ ጎሳ ሽማግሌዎች ይይዙልናል፣ የእነሱን ደግሞ የእኛዎቹ። ሰው ስለ ራሱ መሬት ሲናገር ምላሱም ድንበሩም ይረዝማል፣ ስለ ጎረቤቱ ሲናገር ግን አንድ ክንድ አይጨምርም ከሚል ነው። በየዓመቱ ወሰኑን አብረን እየዞርን፣ እነሱ እየጠሩ እኛ እየሰማን፣ መሬቱን የማንም ሳናደርግ የሁላችንም አድርገን ኖረናል። ስለዚህ ምዝገባ መጣ ሲባል የማዶዎቹን ሽማግሌዎች ለምነን ወደ ቢሮዎ አመጣናቸው። ያቺ ሰው ካላጎነበሰ የማይነጋገርባት መስኮት ጋ ቆሙ። መዝጋቢዎ ከየት እንደመጡ ጠየቃቸው፣ ከማዶ አሉት። ስለየትኛው መሬት ሊናገሩ እንደሆነ ጠየቃቸው፣ ስለዚህኛው አሉት። እርሱም ቀና እንኳ ሳይል «ተከራካሪ ወገን» ብሎ ጻፋቸው። «ኧረ ልጄ፣ የነሱ ነው እያልን እኮ ነው!» ሲሉት «አባቴ፣ ክርክርዎን ለፍርድ ቤት ያቅርቡ» አላቸው። ሊመሰክሩልን የመጡትን ሰዎች ባላንጣ አድርገው ስለሰጡን ምን ብለን እናመስግንዎ? በቀጠሮው ቀን ሁለቱ ባላንጣዎች በአንድ ከዘራ ተደጋግፈው ሲገቡ ዳኛው ራሳቸው ግራ ገባቸው፤ የሚፈርዱት ክርክር ስላጡም መልሰው ወደ እናንተው ላኩን።

ሁለተኛ፣ ስለ ሾፌሩ። ሽማግሌዎቹ መስኮቱ ጋ በቆሙበት በዚያው ዕለት፣ ኮምፒውተራችሁ ጎሳ የሚባል ነገር እንደማያውቅ፣ የአንድ ሰው ስምና የታደሰ መታወቂያ ካልተሰጠው ወደሚቀጥለው ገጽ እንደማያልፍ ተነገረን። የሽማግሌዎቻችን መታወቂያ ጊዜው አልፎበታል። የምሳ ሰዓትም ደርሷል፤ ምሳ ደግሞ በእናንተ ቢሮ እንደ እኛ ጉዳይ ለሌላ ቀን አይቀጠርም። ሽማግሌዎቹን በሚኒባስ ያመጣቸው፣ ከእኛም ከማዶም ያልሆነው፣ ሰው «ጥድፊያ» የሚለው ሾፌር በሩ ላይ ቆሞ ቁልፉን ሲያሽከረክር ነበር። እርሱ የታደሰ መታወቂያ አለው! መዝጋቢዎ «ለጊዜው ባንተ ስም ልያዘውና በኋላ ይስተካከላል» አለው፣ ያዘውም። አያት ቅድመ አያቶቻችን የኖሩበትን ምድር አንድ ሰው ርቦት ለሾፌር ሰጠው ብል ማን ያምነኛል?

ጥድፊያ መጀመሪያ ላይ ራሱም ስቆ ነበር። ባለቀለም ካርታውን ይዞ አክስቴ ቤት መጣና «እማማ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ኮምፒውተሩ ነው የሰጠኝ» አላቸው፤ እሳቸውም ስቀው ውሃ አጠጡት። የድንጋይ መፍጫ ባለቤቶች ሲያናግሩት ግን ሳቁን አቆመ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ የእኛው ጅብስ ቁርበቱን ያነጠፈለት መንግሥት ነው። መሬቱን አከራያቸው፤ የአክስቴ ቤትም ለድንጋይ መኪና መንገድ ስለሚሆን ይፍረስ ተባለ።

ሦስተኛ፣ ስህተቱ እንዲታረም ስላሳዩን ትጋት። ወደ ቢሮዎ ስንመላለስ ከኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ጋር ቤተሰብ ሆነናል። የድሮ ፋይሎች በር እንዳይዘጋ ድጋፍ ሆነው መሬት ላይ ተነጥፈው ባለጉዳይ ሲረግጣቸው አይተናል፤ ቢያንስ እነሱ ሥራ ላይ ናቸው። በመጨረሻ ስሙን ለመቀየር የባለይዞታው ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ተነገረን፤ ባለይዞታው ማለት ጥድፊያ ማለት ነው! የተሰረቀውን ሰው ሌባውን አስፈቅደህ ና የሚል ቢሮ በዕድሜዬ አላየሁም። እርስዎ ራስዎ በር ከፍተው ብቅ ያሉ ዕለት አክስቴ የሚመሰክሩልንን ሽማግሌዎች በስም ቆጥረው ሲያስረዱዎ፣ «እናቴ፣ ቃል ማስረጃ አይሆንም፤ ያልተጻፈ ነገር እንደሌለ ይቆጠራል» ብለዋቸው በሩን መልሰው ዘጉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ ክቡርነትዎን አክብሬ እላለሁ፣ ያንን በር ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዙሬ አልፋለሁ።

አራተኛና አምስተኛም ነበረኝ። ግን ይብቃኝ፤ የእኔም ደም ግፊት ከፍ ይላል፣ እርስዎም ስብሰባ አለብዎት። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቤት አፍራሹ ግሬደር አክስቴ ደጃፍ ሳይደርስ የዚያን ሰውዬ ስም ከመሬታችን ላይ ያንሱልን።

መቀመጫዎ ይመቻችልዎ፣ ማኅተምዎ ቀለም አይጣ፣ ምሳዎም በሰዓቱ ይድረስ እያልኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ በመስኮታችሁም ለምጄዋለሁና፣ እሰናበታለሁ።

የሕገወጥ ሰፋሪዋ የእህት ልጅ፣
የቀድሞ ጸሐፊ፣ የአሁን የሾፌር ጭሰኛ

ግልባጭ፦
ለባለርስቱ ለአቶ ጥድፊያ፣ እንዲያውቁት

ማሳሰቢያ፦ የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ከነአጥሩ፣ ከነመኪና ማቆሚያው ያረፈበት ቦታም የጎሳችን ነበር። መሥሪያ ቤቱ ማረፊያ ባጣበት ዘመን የአክስቴ ባል ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ቆመው፣ በከዘራቸው ከዚህ እስከዚያ ብለው አሳይተው ሰጡት፤ ወረቀት የሚባል አልተጻፈም፣ በእናንተም መዝገብ ውስጥ የለም፣ አስፈትሸን አጥተነዋል። ጎረምሶቻችን ይህን ሲሰሙ፣ ያልተጻፈ እንደሌለ ይቆጠራል ካላችሁማ እናንተም ሕገወጥ ሰፋሪ ናችሁ ብለው ሊያስነሷችሁ ተነስተው ነበር። አክስቴ የቢሮዎ በር ላይ ቆመው ከለከሏቸው። «እፍረት የላችሁም? ባሌ ሰጥቻለሁ ብሏል። ተበደልን ብለን የሰጠነውን አንነጥቅም» አሏቸው። ስለዚህ አይስጉ፣ ሥራዎን ይቀጥሉ፤ ቢሮዎ ዛሬም የቆመው ቤታቸውን ሊያፈርሱባቸው ባሉት አሮጊት ቃል ነው።