ሰባት አባት ስትቆጥር

የኔ አንበሳ ሳንጃር፣ አላህ ያሳድግህ፣ የጀርመን ብርድ አይንካህ። ይሄን እናትህ ታንብብልህ። እኛ እዚህ አገር ቤት፣ ናሪን፣ ሰላም ነን። አያትህ "ልጁ ወፍራም ካልሲ አለው ወይ?" እያለች ትነዘንዘኛለች። ግራጫዋ ባዝራ ወልዳለች። እንደ አባትህ ፈረስ የሚገራ እዚህ አገር የለም፤ የሚጠላኝም ይመሰክራል።

ሐሙስ የዘር ቆጠራ ክለብ ሄድኩልህ። ሽማግሌዎቹ የመንደሩን ዘር ትልቅ ሸራ ላይ እየጻፉ ነው። ከአባቴ ጀምሬ ሰባት አባቶቼን በአንድ ትንፋሽ ወረድኳቸው።

"ትምህርት ቤት እንዲህ ብታነበንብ ኖሮ ሚኒስትር ነበርክ" አሉኝ ሰብሳቢው ማምቤት አታ። ቤቱ ሳቀ።

"ልጄ ደግሞ ይብሳል፣ ጻፉት" አልኩ።

"ራሱ ይቁጠርና እንጽፈዋለን፣ ደንቡን ታውቃለህ" አሉኝ።

እኔም ኮራ ብዬ ደወልኩልህ፤ ሁሉም እንዲሰሙ የስልኩን ድምፅ ለቀቅኩት። "አባቶችህን ቁጠር" ስልህ "ቶማስ" ብለህ ጀመርክ። የእናትህን ባል።

ያኔ ማንም አልሳቀም። ማምቤት አታ ብሩሻቸውን አስቀምጠው "ና ሻይ ጠጣ፣ ልጄ" አሉኝ። ከስሜ በታች ያለው ቦታ ባዶ ነው።

አልተቀየምኩህም። ስትሄድ ገና ሁለት ዓመትህ ነበር። ጫማህን የሚያስርልህም ቶማስ ነው፤ እጁ ይባረክ፣ አክብረው።

አላህ በሄድክበት ይከተልህ፣ ክፉ አይይህ። ሰባቱንም ለመያዝ አትቸኩል። ለሚመጣው ሐሙስ የመጀመሪያውን ብቻ ያዝልኝ። ታላይ ነው የሚባለው።