ውሉን ከማደሴ በፊት

ጅማ፣ ሐምሌ 15 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለአባቴ እህት፣ ለአዳዳዬ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ? ክረምት ሲገባ ጉልበትዎን የሚይዝዎ ሕመም ዘንድሮ ቀለል አለልዎ? እኛ፣ ልጆቹን ከያዛቸው ጉንፋን በቀር፣ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ባለቤቴ ጀማለዲን ካረፈ አራተኛ ወሩን ያዘ። ለሰደቃው የላኩት ማር ደርሶናል፤ አላህ ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ የልጅ ልጅዎ ፈድሊያ ብቻ ታንብብልዎ። ፈድሊያ፣ በሩን ዝጊና ቀስ ብለሽ አንብቢ።

አዳዳ፣ ጀማለዲን በየዓመቱ የቀበሌውን የኪራይ ውል ከማደሱ በፊት አጋሮ ድረስ እየመጣ ፈቅደው ሐላል እንዲሉት ይለምንዎ ነበር። የትርፍ ቤት አዋጁ እዚህ ጅማ መርካቶ ያለውን ፎቅ ከእርስዎ ወስዶ ለቀበሌ ቢሰጥም፣ ባለቤቱ ሳይወድ በተያዘ ቤት ሶላት አይሰምርም ባይ ነበር። እርስዎም፣ «መንግሥት ወሰደው እንጂ አንተ ምን አደረግህ? ሐላል ነው ልጄ፤ ይልቅ ጣሪያው ያፈሳል ወይ?» ብለው ይሸኙት ነበር። ሲመለስ፣ «አዳዳሽ ከእኔ ይልቅ የሚያዝኑት ለቆርቆሮው ነው» እያለ ይስቅ ነበር። ከመሞቱ በፊትም፣ ያለ እርስዎ ሐላል እንዳልፈርም አደራ ብሎኛል።

እኔ ግን በዚህ ቤት ሰግጄ አላውቅም። ሶላት ሲደርስ መስገጃዬን ይዤ ወደ ጎረቤቴ ወደ ዘይቡ ግቢ እወርዳለሁ። ዘይቡ፣ «ፎቅ ላይ ያለሽው ለአላህ አልቀረብሽም እንዴ?» እያለች ትቀልድብኛለች። ጀማለዲንም፣ «ሐላል ተብሎልን የለም ወይ?» ይለኝ ነበር። ወገቤን ያመኛል፣ ደረጃ መውረድ ይሻለኛል እለዋለሁ። ለወገብ ሕመም ደረጃ እንደማይበጅ ያውቅ ነበር፤ ግን አልመረመረኝም።

ባለፈው ማክሰኞ ውሉን ወደ ስሜ ለማዞር ቀበሌ ሄድኩ። የቤቶች ጉዳይ ሠራተኛው ዋቅጅራ የሚባል ሰው ነው። ባለቤቴ ስለሞተ ከሥሩ ማጣራት አለብኝ ብሎ የፎቁን አሮጌ ፋይል አወጣ። ውስጡ፣ ከቤቶችዎ የሚያስቀሩትን አንዱን ለመምረጥ በስልሳ ሰባት ዓ.ም. በእርስዎ ስም የተሞላው ቅጽ አለ። የአውራ ጣትዎ አሻራ ቀለሙ እንኳ አልደበዘዘም። «ለመኖሪያዬ የመረጥኩት ቤት» ከሚለው ትይዩ «አጋሮ» ተብሎ ተጽፏል።

ዋቅጅራ ሳቀ። «እኚህ ሴትዮ ምን ነካቸው? ይህን የመሰለ ፎቅ ትተው አጋሮ ያለውን የጭቃ ቤት ይመርጣሉ?» አለ። ቀጥሎም ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ፣ «የጻፈላቸው ሰው ግን የእጅ ጽሑፉ ያምራል» አለኝ። አዲሱን ውል አምጥቶ ብዕሩን ሲሰጠኝ፣ እጄን ያመኛል አልኩት። እስከሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ካልፈረምሽ ክፍሎቹ ለሌላ ይሰጣሉ፣ ወረፋ የሚጠብቅ ብዙ ሰው አለ ብሎ አሰናበተኝ። ከወጣን ሁለቱን ልጆቼን ይዤ የምገባበት የለኝም።

አዳዳ፣ ያን ቅጽ ያስሞሉበትን ቀን አስታውሰዋለሁ። ከእርስዎ ጋር ምንጣፍ ላይ ብዕር ይዤ የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። «የመርካቶውን ጻፊ፤ ባሌ የሞተበትን፣ ልጆቼን የወለድኩበትን» ነበር ያሉት። ከዚያ አውራ ጣትዎን ሰጡኝ፤ ቀለሙን ቀባሁልዎ።

ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጄ ገና ዳዴ አልጀመረችም። ልጅዎ ሙሐመድሳኒ ሊያገባ ነው፣ ሙሽሪትም የምትገባው እኛ ከእርስዎ ተከራይተን ባለንበት ፎቅ ላይ ነው ይባል ነበር። ቀበሌው በወረሰው ቤት ግን ተከራዩ ባለበት ይቆያል ተብሎ ነበር። ይህን የምጽፈው ለማሳበብ አይደለም።

ቤቱን የከለከለዎ መንግሥት እንደሆነ ሲናገሩ አሥር ዓመት ሰማሁ። እቃዎን ጭነው ወደ አጋሮ ሲሄዱም መኪናው ድረስ ሸኝቼዎታለሁ። አቅፈው ሳሙኝና፣ «አንቺ እንኳ ቀረሽልኝ፤ ቤቴ ባዶውን አልቀረም» አሉኝ። ጀማለዲን ይህን ሁሉ አያውቅም ነበር። በየዓመቱ ሐላል ይዞልኝ ሲመጣ እህል ላቀርብለት እንኳ እጄ ይከብደኝ ነበር።

አጋሮ ሩቅ አይደለም፤ የይለፍ ወረቀትም አልተከለከልኩም። ፊትዎን እያየሁ ግን አልችልም። በዚህም ፈሪ ነኝ።

እንግዲህ አዳዳ፣ እንደ ጀማለዲን ለሚመጣው ዓመት ሐላል ይበሉኝ ብዬ አልለምንዎትም። የምለምንዎ የስልሳ ሰባቱን ቅጽ ሐላል እንዲሉኝ ነው። ካልሆነልዎ እምቢ ይበሉኝ፤ አልቀየምም። ብቻ ከሐሙስ በፊት ፈድሊያ አንዷን ቃል ጽፋ ትላክልኝ። ዝም አይበሉኝ።

አላህ ዓይንዎን ያብራልዎ፤ ጉልበትዎን ያጽናልዎ፤ ከልጅ ልጆችዎ ጋር በሰላም ያክርምዎ። እኔንም በዱዓዎ አይርሱኝ፤ ልብዎ ከፈቀደ።

የወንድምዎ ልጅ