ጉንፋንና አዲሱ ቫይረስ አንድ ናቸው ላሉን ሥራ አስኪያጅ፣ ስለ መስኮቶቻችን

ለተከበሩ ሥራ አስኪያጃችን፤

ከሁሉ በፊት እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ እኔና አሥራ ሦስቱ የመዝገብ ቤት ባልደረቦቼ አንዳችን በሌላችን ማጅራት ላይ እየተነፈስን ለጊዜው በሕይወት መኖራችንን በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ። ደብዳቤዬን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌን ድፍረት አይበሉብኝ፤ ቦታውን ያሳዩን እርስዎ ነዎት።

አንደኛ፣ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ስላወጡልን የማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በግራ የየዓመቱ ጉንፋን (ሐኪሞች ኢንፍሉዌንዛ የሚሉት)፣ በቀኝ አዲሱ ቫይረስ፤ ትኩሳት ከትኩሳት፣ ሳል ከሳል፣ ራስ ምታት ከራስ ምታት ጋር ተሰልፈው፣ ከታች «ስለዚህ አንድ ናቸው» የሚል ማኅተም ያረፈበት ፍርድ። እኔም በዚሁ ስሌት ድመቴንና አንበሳን ባሰልፋቸው ጺም ከጺም፣ ጅራት ከጅራት ገጠሙልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ድመቷን አንቱ እያልኩ ነው። ነርስ የሆነችው የአክስቴ ልጅ በበኩሏ፣ ጉንፋንም ቢሆን ሽማግሌና ሕመምተኛ እንደሚገድል፣ ነገር ግን ሰውነታችን በየጊዜው ስለሚያገኘው ጥቂት እንደሚያውቀውና ክትባትም እንዳለው፣ አዲሱን ግን የማንም ገላ ስለማያውቀው ብዙ ሰው ባንዴ አስተኝቶ ሆስፒታሉን አልጋ እንደሚያሳጣው ነግራኛለች። ምን ይደረግ፣ ማኅተም የላትም።

ሁለተኛ፣ ጉንፋን የሚመጣው ከነፋስ ነው ብለው የመዝገብ ቤቱን ሦስት መስኮቶች በምስማር ስላስመቱልን እናመሰግናለን። አሁን አንዱ ያስነጠሰውን አሥራ አራታችን እስከ ምሳ ሰዓት እኩል እንካፈለዋለን፤ በዚህ መሥሪያ ቤት ያለ አድልዎ የተከፋፈለ ነገር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ሦስተኛውን እየሳቅሁ ረሳሁት።

አራተኛው ግን አያስቅም። ቤቴ ውስጥ አስም ያለባት ታላቅ እህቴ አለች፤ እናት ሆና ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከሥራ ስመለስ ከመዝገብ ቤት ምን ይዤባት እንደመጣሁ ስለማላውቅ በር ላይ ቆሜ ነው የማዋራት። ፈርቻለሁ፣ ጌታዬ።

በዚህ መሀል እርስዎም ከሰኞ ጀምሮ አሞዎት ቤት መዋልዎን ሰማን። ጸሐፊዎ ጉንፋን ብቻ ነው ብላናለች፤ ይሁንና ማንም እንዳይጠጋዎ ስላዘዙ ሾፌርዎ ፋይሉን በበር ሥር አሾልኮ እንደሚመለስ ደርሰንበታል። ጉንፋን የያዘውን አለቃ ሳይጠይቁ መቅረት ነውር ነውና፣ ቅዳሜ ጠዋት አሥራ አራታችንም መጥተን አልጋዎ ዙሪያ ጥግግት ብለን ልንቀመጥ፣ ነፋስ እንዳይመታዎም መስኮቶችዎን ጥርቅም አድርገን ልንዘጋ በሙሉ ድምፅ ወስነናል።

ምሕረቱን ይላክልዎ እያልኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ሁለት ሜትር ርቄ እጅ እነሣለሁ።

ትእዛዝዎን አክባሪ፣ የባልደረቦቹን ትንፋሽ ተካፋይ፣
የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ምስማሮቹ ይነቀሉ የሚል አንድ መስመር እስከ ዓርብ ከደረሰን፣ ተሽሎዎታል ብለን ጉብኝቱን እንሰርዛለን። ካልደረሰን ግን ከመካከላችን ሁለቱ ከትናንት ጀምሮ በኃይል እያሳሉ ነው፤ በሠንጠረዥዎ መሠረት ጉንፋን ስለሆነ፣ ትራስዎ አጠገብ የሚቀመጡት እነሱ እንዲሆኑ መርጠናቸዋል።